ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፦ በአይሮፕላን የደረሰ እንግዳ መንገዱን እንዴት ያገኛል?

በአሜሪካ አገር፥ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፥ ጐን ለጐን የተቈረቈሩ ሁለት ትልልቅ ከተሞች አሉ። የአንደኛው ስም ሚኒያፖሊስ፥ የሁለተኛው ስም ሴንት ፖል ነው። የአገሩ ሰዎች ሁለቱን በአንድነት ሲጠሩ «መንትዮቹ ከተሞች» ይሏቸዋል። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ሆኜ ስለ እነርሱ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ምክንያት ግልጽ ነው። በክፍላችን ባሕር ማዶ ዘመድ የሌለው ተማሪ ጥቂት ነው፤ ሚኒሶታም ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት አንዱ ነው። ከነዚህም መካከል የሚበዙት የኦሮሞ ወገኖቻችን ሲሆኑ፥ ከሌላውም የአገራችን ክፍል የሄደ ሰው አይታጣም። በጂኦግራፊ ትምህርት ስለ አሜሪካ የምንማረው ስለ ተራራውና ስለ ወንዙ፥ ስለ ስንዴውና ስለ ብረቱ ነው። ነገር ግን አንድ የጐጃም ልጅ ሻንጣውን ይዞ ከአይሮፕላን ሲወርድ በየትኛው በር እንደሚወጣ፥ በምን እንደሚሳፈር፥ የቤቱንም ቍጥር እንዴት እንደሚያነበው በመጽሐፋችን አልተጻፈም። አገሩን እኔ ራሴ በዓይኔ አላየሁትም፤ የምጽፈው ካርታውን በማጥናትና እዚያ የሚኖሩትን ዘመዶቼን በመጠየቅ ያገኘሁትን ነው። ዘመኑን ሁሉ ለአንባቢ እንዲቀል በእኛ አቈጣጠር አድርጌዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ እንግዳው ልብ ሊለው የሚገባው ነገር ከተሞቹ ሁለት መሆናቸውን ነው። ይህ ለመናገር እንኳ የማያስፈልግ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ዘመዶቼ የነገሩኝ የመጥፋት ታሪክ ሁሉ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ትልቁ አይሮፕላን ማረፊያ አንድ ነው፤ አውቶቡሱንና ባቡሩንም የሚያዝዘው መሥሪያ ቤት ለሁለቱም አንድ ነው። ከንቲባው ግን ሁለት፥ የከተማው እምብርት ሁለት፥ የመንገዱና የቤቱ አቈጣጠርም ሁለት ነው። ከአንዱ እምብርት እስከ ሁለተኛው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝብ ቈጠራ ሚኒያፖሊስ 430 ሺህ፥ ሴንት ፖል 311 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራቸው፤ በዙሪያቸው ያሉት ትንንሽ ከተሞች ሲጨመሩ ግን ከሦስት ሚሊዮን ተኩል ይበልጣል። ከመንታዎቹ ታናሹ ሴንት ፖል የክፍለ ግዛቱ ርእሰ ከተማ ሲሆን፥ ንግዱና ትልልቁ ፎቅ የሚበዛው በሚኒያፖሊስ ነው።

ሴንት ፖል ማለት ቅዱስ ጳውሎስ ማለት ነው። ቀድሞ መንደሩ «የአሳማ ዓይን» ይባል ነበር ቢባል ማን ያምናል? ይህ በዚያ መጠጥ ይሸጥ ለነበረ ሰው የወጣ ቅጽል ስም ነበር። በ1834 ዓ.ም. አንድ ካቶሊካዊ ቄስ በቅዱስ ጳውሎስ ስም ትንሽ የጸሎት ቤት ሠሩና መንደሩ በዚያው ስም መጠራት ጀመረ። ለእኛ ይህ ባዕድ ታሪክ አይደለም። የእኛም ከተማ መንቆረር ስትባል ኖራ፥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ነው በታቦቱ ስም የተጠራችው። ሚኒያፖሊስ ግን ከሁለት ቋንቋ የተሰፋ ስም ነው። «ምኒ» የአገሩ ነባር ባለቤት በሆነው በዳኮታ ሕዝብ ቋንቋ ውሃ ማለት ሲሆን፥ «ፖሊስ» በግሪክኛ ከተማ ማለት ነው፤ በአንድነት የውሃ ከተማ ይሆናል።

ውሃውም ታላቁ የሚሲሲፒ ወንዝ ነው። ዓባይ ከግሽ ዓባይ፥ ከጐጃም ምድር እንደሚነሣ፥ ሚሲሲፒም ከሚኒሶታ፥ ኢታስካ ከሚባል ትንሽ ሐይቅ ይነሣል፤ ከዚያ ተነሥቶ 3,700 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ጕዞ በኋላ ወደ ባሕር ይገባል። በሚኒያፖሊስ ላይ ሲደርስ የቅዱስ አንቶኒ ፏፏቴ የሚባለውን ይወርዳል። የከተማውም ሀብት የተፈጠረው በዚህ ፏፏቴ ጕልበት ነው። በመጀመሪያ እንጨት ተሰነጠቀበት፤ ቀጥሎም ስንዴ ተፈጨበት፤ ከ1872 እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ በዓለም ላይ ዱቄት በማምረት ሚኒያፖሊስን የሚወዳደር ከተማ አልነበረም። ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ይህን ፏፏቴ ቢያይ ግን ሳያዝን አይቀርም፤ ድንጋዩ እየተሸረሸረ ስላስቸገረ ዛሬ ውሃው የሚወርደው በሲሚንቶ መደብ ላይ ነው። ሴንት ፖል በበኩሏ ከፏፏቴው በታች፥ መርከብ ሊደርስበት በሚችለው ቦታ ተመሠረተች። አንዷ የወፍጮ፥ ሁለተኛዋ የወደብ ከተማ ሆኑ ማለት ነው። እንግዲህ ሁለት የሆኑት ወንዙ ሁለት ዐይነት ሥራ ስለ ሰጣቸው ነው እንጂ ሰው አስቦ ስለ ከፈላቸው አይደለም።

መንታ ቢባሉም ለብዙ ዘመን በፍቅር አልኖሩም። በ1882 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝብ ቈጠራ እያንዳንዳቸው ከሌላው በልጠው ለመገኘት ሲሉ የሌለ ሰው እየጨመሩ ጻፉ፤ ተካሰሱም፤ ቈጠራው ቢደገም ሁለቱም ጨምረው መገኘታቸው ታወቀ። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ልጆች መካከል በኳስ ሜዳ የሚደረገውን ክርክር የሰማ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የአይሮፕላን ዘመን በመጣ ጊዜ ደግሞ ክርክሩ በማረፊያው ላይ ሆነ። በመጨረሻም በ1935 ዓ.ም. የሚኒሶታ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ለሁለቱም ከተሞች የሚሠራ አንድ የአይሮፕላን ማረፊያ ኮሚሽን አቋቋመ። ዛሬ እንግዳው የሚያርፍበት ሜዳ ከሚኒያፖሊስ በስተ ደቡብ፥ ከሴንት ፖል በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ የሚኒሶታ ወንዝ ከሚሲሲፒ ጋር ከሚገናኝበት አጠገብ ይገኛል። በሻንጣ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት «ኤም ኤስ ፒ» የሚል ፊደል አለበት፤ «ኤም» ለሚኒያፖሊስ፥ «ኤስ ፒ» ለሴንት ፖል መሆኑ ነው። ሻንጣውን ያስረከበ ሰው እነዚህ ሦስት ፊደላት በትክክል መጻፋቸውን ከቦሌ ሳይነሣ አይቶ ያረጋግጥ።

ስለ ጕዞው ጥቂት ልናገር። ከእኛ ከተማ የሚነሣው መንገደኛ በአውቶቡስ ደጀንን አልፎ፥ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፥ በጎሐ ጽዮን በኩል አዲስ አበባ ይገባል። ከቦሌ በቀጥታ ወደ ሚኒያፖሊስ የሚሄድ አይሮፕላን የለም፤ በዋሺንግተን ወይም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሚበርባት በቺካጎ በኩል ማለፍ፥ ወይም በአውሮፓ መለወጥ ያስፈልጋል። ወደ አሜሪካ ሲሄድ አይሮፕላኑ በመንገድ ላይ ለነዳጅ ያርፋል፤ ከዋሺንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። መንገዱ ያው ሆኖ ይህ ልዩነት ለምን መጣ ብዬ የፊዚክስ መምህራችንን ጠይቄ ነበር። ምክንያቱ የቦሌ ከፍታ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ውስጥ ክንፉ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፥ ሞተሩም ይደክማል። ስለዚህ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ አብሮ ይዞ መነሣት አይችልም። ደጋ መኖር የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ድረስ ይደርሳል!

መንገደኛው በአሜሪካ ምድር መጀመሪያ ባረፈበት ከተማ፥ ማለት በዋሺንግተን ወይም በቺካጎ፥ ፓስፖርቱን አሳይቶ ያልፋል። ሻንጣውን ራሱ ከተሽከርካሪው ቀበቶ ላይ አንሥቶ፥ በጉምሩክ በኩል አልፎ፥ ለሚቀጥለው አይሮፕላን እንደገና ማስረከብ አለበት። ይህን ሳያውቅ «ሻንጣዬ በቀጥታ ይደርሳል» ብሎ የሚያልፍ ሰው ሚኒያፖሊስ ላይ እጁን አጣምሮ ይቆማል። በሻንጣው ውስጥ ያለውን የምግብ ዐይነት ሁሉ በጥያቄው ላይ አለኝ ብሎ መናገር ግዴታ ነው። በርበሬና ሽሮ ተናግረው ሲያሳዩት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ቋንጣ ግን፥ ማንኛውም የሥጋ ዘር ስለሚከለከል፥ እዚያው ይቀራል። እናቶቻችን ይህን ቢያውቁ ስንት ቀን የደከሙበትን ቋንጣ ለአሜሪካ ጉምሩክ ባላበረከቱ ነበር።

አሁን ወደ ሚኒያፖሊስ ማረፊያ እንምጣ። አይሮፕላን ማረፊያው አንድ ነው ብያለሁ፤ ሕንጻው ግን ሁለት ነው። አንደኛ ተርሚናልና ሁለተኛ ተርሚናል ይባላሉ። አንደኛው በጣም ትልቅ፥ ሁለተኛው ከእርሱ ያነሰ ነው። በመካከላቸው የአይሮፕላን መንደርደሪያ ስላለ ከአንዱ ወደ ሁለተኛው በእግር መሄድ አይቻልም። እንግዳው በየትኛው እንደሚወርድ የሚወስነው የተሳፈረበት የአየር መንገድ ነው። ስለዚህ ለተቀባዩ የሚነገረው የሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የተርሚናሉም ቍጥር መሆን አለበት።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው በቤተ ዘመዳችን ስለ ደረሰ ነው። የአክስቴ ልጅ ወደዚያ የሄደው በጥር ወር ነበር። ሊቀበለው የመጣው የሰፈራችን ልጅ ራሱ ከዓመታት በፊት የወረደው በሁለተኛው ተርሚናል ስለ ነበረ፥ ያለ ጥርጥር ወደዚያው ሄዶ ቆመ። የአክስቴ ልጅ ግን በአንደኛው ወረደ። ስልኩ በዚያ አገር አይሠራለትም ነበር። አክስቴ «ደረስኩ» የሚለውን ቃል ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምራ ስትጠብቅ ነጋ፤ ቡናው ተፈልቶ ማንም አልጠጣውም፤ እኛም ተሰብስበን ስልኩን በመካከላችን አድርገን ዝም ብለን ተቀመጥን። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተደወለ። ልጁ እንደ ነገረን፥ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በሻንጣ መቀበያው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ወለል የምትጠርግ አንዲት ሴት መጥታ አየችውና «ወንድሜ፥ ሐበሻ ነህ?» አለችው። ነኝ ሲላት መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ በስልኳ ደወለችለት። «ከዚህ እንዳትነቃነቅ፤ እሱ ይምጣልህ» ብላ ሻይ ገዝታለት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስሟን እንኳ አልጠየቃትም። አክስቴ እስከ ዛሬ «ያቺ ልጅ» እያለች በጸሎቷ ታነሣታለች።

የምትነቃነቀው ባቡር ስላለች እንጂ ነገሩ ከዚህም ይቀል ነበር፤ ሁለቱን ተርሚናሎች የሚያገናኝ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ፥ በመካከላቸውም ለመሄድ ገንዘብ አይከፈልበትም። ይህ ባቡር ሰማያዊው መሥመር የሚባለው ነው። በአንደኛው ተርሚናል ጣቢያው ከምድር በታች ስለሆነ ምልክቱን እየተከተሉ መውረድ ነው። ባቡሩ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፤ በግንባሩ ላይ «ታርጌት ፊልድ» የሚል ከተጻፈበት ወደ ሚኒያፖሊስ እምብርት ይወስዳል፤ «ሞል ኦፍ አሜሪካ» የሚል ከሆነ በስተ ደቡብ ወዳለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ ይወስዳል። ከአንደኛው ተርሚናል እስከ ሚኒያፖሊስ እምብርት 25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ወደ ሴንት ፖል የሚሄድ ሰው ግን ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይም ምዕራብ ሰባተኛ የሚባለውን መንገድ ይዞ በቀጥታ የሚሄደውን አውቶቡስ ይሳፈራል፥ ወይም በባቡሩ እስከ ሚኒያፖሊስ ሄዶ «ዩ ኤስ ባንክ ስታዲየም» በሚባለው ጣቢያ ይወርድና አረንጓዴውን መሥመር ወደ ምሥራቅ ይይዛል። በካርታ ላይ ሲታይ ሁለተኛው ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ አውቶቡሱ ይሻላል።

አረንጓዴው መሥመር ሁለቱን እምብርቶች የሚያገናኝ ነው። ርዝመቱ 18 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ጣቢያዎቹ 23፥ ሥራ የጀመረውም ሰኔ 7 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ከዚህ አንድ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ፥ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለ ጀመረ፥ ሁለቱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ሄዶ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተሳፈረ ተማሪ ያንን ቢያይ አይደነቅም፤ የኛዎቹን ባቡሮች የመለዋወጫ ዕጥረት ቍጥራቸውን ቀንሶባቸዋል እንጂ ሥራው ተመሳሳይ ነው። በዚያ አገር የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው። ከ1883 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በዚሁ በአረንጓዴው መሥመር ጎዳና፥ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፥ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ የኤሌክትሪክ ትራም ይሄድ ነበር። ኋላ አውቶቡስና የግል መኪና ይበቃናል ብለው ሐዲዱን ነቃቅለው ጣሉት፤ የመጨረሻው ትራም የቆመው በ1946 ዓ.ም. ነው። ልክ ከ50 ዓመት በኋላ፥ በሰኔ 1996 ዓ.ም.፥ ሰማያዊውን መሥመር በብዙ ገንዘብ እንደ አዲስ ሠሩ። ሀብታም አገር እንኳ የነቀለውን ሲተክል ይህን ያህል ዘመን ይፈጅበታል።

በባቡሩ ጣቢያ ላይ በር የለም፥ ቲኬት ቈራጭም የለም፥ «ሒሳብ!» የሚል ረዳትም የለም። ቲኬቱን ከመሣሪያ ላይ ራስህ ገዝተህ በኪስህ ይዘህ ትገባለህ። ይህን አይቶ በነጻ ነው ብሎ የሚገባ እንግዳ አለ፤ ነገር ግን ተቈጣጣሪ በድንገት ገብቶ ቲኬት ሲጠይቅ መቀጮው ከቲኬቱ ብዙ እጥፍ ነው። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ አዋቂ ሰው ዋጋ በባቡርም በአውቶቡስም ሁለት ዶላር ሆኗል። በአንድ ክፍያ ለሁለት ሰዓት ተኩል ከአንዱ ወደ ሌላው እየተለዋወጡ መሄድ ይቻላል። በአውቶቡስ ላይ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው መልስ እንደማይሰጠው ዐውቆ ልኩን ይያዝ።

ቀጥሎ ያለው ትምህርት የቤት ቍጥር ነው። እኛ ቤት ስናመለክት «ከአብማ ማርያም ወረድ ብሎ፥ ከባሕር ዛፉ አጠገብ፥ አረንጓዴ በር ያለው» እንላለን፤ ይበቃናልም። በሚኒያፖሊስ ይህ አይሠራም፤ ነገር ግን ቍጥሩን ማንበብ የቻለ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ይደርሳል። በደቡብ ሚኒያፖሊስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት በቍጥር የሚጠሩ መንገዶች «ስትሪት» ሲባሉ፥ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት «አቬኑ» ይባላሉ። ስለዚህ «አራተኛ ስትሪት»ና «አራተኛ አቬኑ» ፈጽሞ የተለያዩ መንገዶች ናቸው። በአቬኑ ላይ የሚገኝ ቤት ቍጥሩ 3800 ቢሆን፥ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ሰርዞ 38 ማለት ነው፤ ቤቱ በ38-ኛው ስትሪት ማእዘን አጠገብ ይገኛል። ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ የተገደለበት፥ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው ቦታ፥ 38-ኛው ስትሪትና ቺካጎ አቬኑ የሚገናኙበት ነው፤ ይህን ሕግ የሚያውቅ ሰው በካርታ ላይ በአንድ ጊዜ ጣቱን ያሳርፍበታል። ከስሙ ጫፍ ላይ የሚጻፈው «ደቡብ»፥ «ሰሜን»፥ «ሰሜን ምሥራቅ» የሚለው ቃልም ጌጥ አይደለም፤ እርሱ ከቀረ ደብዳቤውም ሰውየውም በሌላ ሰፈር ይገኛሉ።

ይህ ሁሉ ሕግ ግን ለሚኒያፖሊስ ነው። የሴንት ፖል መንገዶች በአብዛኛው የሰው ወይም የቦታ ስም አላቸው፤ ቍጥሩም ከራሷ እምብርት ይጀምራል። ይህን በግልጽ የሚያሳየው ያው ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ነው። ከሚኒያፖሊስ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው የቤቱ ቍጥር እየጨመረ፥ እየጨመረ ይሄዳል። የከተማውን ወሰን ሲሻገር ግን መንገዱ ያው፥ ስሙም ያው ሆኖ ቍጥሩ መቀነስ ይጀምራል፤ አሁን የሚቈጠረው ከሴንት ፖል ነውና። በዚህ ጎዳና አንድ ዐይነት ቍጥር ሁለት ጊዜ ሊገኝ ይችላል። ለታክሲ ነጂ አድራሻ የሚሰጥ ሰው የከተማውን ስም ካልጨመረ በመልካም ቋንቋ ወደ ሌላ ሰው ቤት ይወሰዳል።

ለመኪና መንገዱም እንዲሁ ነው። ከደቡብ የሚመጣው 35 ቍጥር አውራ ጎዳና ከከተሞቹ በፊት ለሁለት ይሰነጠቃል። «35 ምዕራብ» በሚኒያፖሊስ በኩል፥ «35 ምሥራቅ» በሴንት ፖል በኩል ያልፉና በስተ ሰሜን እንደገና አንድ ይሆናሉ። ሁለቱ ከተሞች አንበላለጥም ሲሉ መንገዱን እንኳ ተካፈሉት ማለት ነው።

በዚሁ በ35 ምዕራብ ላይ በሚሲሲፒ ወንዝ የተሠራው ድልድይ ሐምሌ 25 ቀን 1999 ዓ.ም.፥ ሰው ከሥራ በሚመለስበት በአሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፥ መኪናዎቹን እንደ ተሸከመ ተናደ። 13 ሰዎች ሞቱ፥ 145 ቈሰሉ። በኋላ በተደረገው ምርመራ እንደ ታወቀው፥ የብረቶቹን መገጣጠሚያ የሚይዙት ሳህኖች ድልድዩ ሲነደፍ በስሕተት ከሚገባቸው ውፍረት ግማሽ ያህል ብቻ ተደርገው ነበር። ለአርባ ዓመት ያህል ማንም አላየውም። በዕለቱ ደግሞ ለጥገና የተከመረው አሸዋና ዕቃ ከብዶበት ነበር። አዲሱ ድልድይ የተከፈተው መስከረም 8 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። በእኛ መንገድ፥ በዓባይ በረሃ፥ በጃፓን ርዳታ የተሠራው የኅዳሴ ድልድይ የተመረቀው ጳጕሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ስለሆነ፥ ሁለቱ ድልድዮች በስምንት ቀን ብቻ ይበላለጣሉ። ከአጎራባች መንደር ወደ ገበያ እንደ መሄድ ሆኖ በየቀኑ ድልድዩን የሚሻገሩት የመንትዮቹ ከተማ ሰዎች ድልድይ ሲታጣ ምን እንደሚመስል በዚያ ዓመት ዐወቁት፤ ጐጃሜ ግን በክረምት ወንዝ ሲሞላ ዱሮም ያውቀዋል።

ሁለቱን እምብርቶች ለመኪና የሚያገናኛቸው 94 ቍጥር የተባለው አውራ ጎዳና ነው። ይህ ጎዳና ሲሠራ፥ ከ1948 ዓ.ም. አንሥቶ ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ፥ በሴንት ፖል የጥቍር ሕዝብ ይኖርበት የነበረውን ሮንዶ የሚባል ሰፈር መካከሉን ሰንጥቆት አለፈ። ቤቶቹና ሱቆቹ በመቶ የሚቈጠሩ ፈረሱ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። አረንጓዴው መሥመር ሊሠራ በታቀደ ጊዜም ባቡሩ በዚያው ሕዝብ ደጅ ሳይቆም እንዲያልፍ ተነድፎ ነበር፤ ያን ጊዜ ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ተከራከሩና ሦስት ጣቢያዎች ተጨመሩላቸው። ዛሬ በነዚያ ጣቢያዎች የሚወርድ እንግዳ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ስለ ብርዱ ሳልጽፍ ብቀር የአክስቴ ልጅ ይቀየመኛል። በጥር ወር አማካዩ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ያህል ሲሆን፥ አንዳንድ ሌሊት ከዜሮ በታች 30 ይደርሳል። የጮቄ ተራራን ውርጭ የሚያውቅ ሰው «ብርድ አልፈራም» ይል ይሆናል፤ የጮቄ ውርጭ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል፥ የዚያኛው ወራት ይቈያል። በዚህ ምክንያት በሁለቱም ከተሞች እምብርት ፎቆቹን በሁለተኛው ደርብ ላይ የሚያገናኙ፥ በመስተዋት የተሸፈኑ የእግር መንገዶች ተሠርተዋል። በሚኒያፖሊስ ያለው ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰው ካፖርቱን ሳይለብስ ከባንክ ወደ ምግብ ቤት፥ ከምግብ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ለእንግዳ ግን መጥፊያ ነው፤ ከውስጥ ሁሉም አንድ ይመስላልና፥ ከየፎቁ መውጫ ላይ ያለውን ካርታ እያዩ መሄድ ያስፈልጋል። መኪና የገዛ ሰው ደግሞ በረዶ በብዛት ሲወርድ «የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ» የሚባል ዐዋጅ እንደሚነገር ይወቅ፤ መጥረጊያው ማሽን እንዲያልፍ በአንዱ ቀን በአንዱ ጐን፥ በማግሥቱ በሌላው ጐን ማቆም ይከለከላል፥ የቆመውም መኪና ተጐትቶ ይወሰዳል። ዐዋጁም ቢሆን ሁለት ነው፤ ሚኒያፖሊስ ያወጀችው ሴንት ፖልን አይመለከትም።

በመጨረሻ ለወላጆች የሚሆን ስለ ሰዓት አንድ ነገር አለኝ። በክረምታቸው ሚኒሶታ ከእኛ ዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ግን ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ልዩነቱ ስምንት ይሆናል። እዚህ ከጧቱ ሦስት ሰዓት፥ ከቅዳሴ ተመልሰን የምንደውልበት ሰዓት፥ እዚያ በጥር ወር እኩለ ሌሊት ነው። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ልጅ ካልሆነ በቀር ከእንቅልፉ ደንግጦ ይነሣል፥ አንድ ክፉ ነገር የተነገረውም ይመስለዋል። የሚሻለው ገና ሳይነጋ፥ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መደወል ነው፤ ያን ጊዜ እዚያ ያለፈው ቀን ምሽት ሦስት ሰዓት ነው፥ ልጁም ከሥራ ገብቶ እራቱን በልቷል።